የእጅጌ ልክ

ኑረቲን ከንፈሩ ላይ አራት ስፒል ነክሶ፣
የካፖርቴን እጅጌ ለክቶ፣ አጥፎ፣ መልሶ፣
በዓይኑ ይጠይቃል፤ በአፉ አይችልማ።
ገባኝ፤ «ከተማዬስ?» ነው። እሺ፣ እንግዲህ ስማ።

(ኤድመንተን መጋቢት ነው፤ መስኮቱ ጭጋግ ለብሷል፣
ፌርማታው ላይ አንድ ሰው በረዶ ይረግጣል።)

አሥራ አራት ሰዓት ነበረኝ በሁለት በረራ መሀል፤
ሌላው ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ሻንጣውን አቅፎ ይተኛል፤
እኔ ግን ወጣሁ።
ቀይ ጃንጥላ ያነሳች ልጅ፣ ስሟን በቅጡ ያልያዝኩት፣
እንደ ጫጩት ነዳችን፤ አርባ ሰው ሆነን ተከተልናት።

«ጫማ አውልቁ» ሲባል፣ ይህስ የኔ ሙያ ነው ብዬ
ቀድሜ ባወልቀው፣ አውራ ጣቴን አጋለጠው ካልሲዬ!
በዚያ ሁሉ ሰማያዊ ሸክላ፣ በዚያ ሁሉ ጉልላት ሥር
እግሬን በእግሬ ደብቄ ቆምኩ፤ ምን ይደረግ ነበር?

ኑረቲን በአፍንጫው ሳቀ፤ ስፒሎቹ ተንቀጠቀጡ።
«ክንድሽን ዘርጊ» አለኝ በጣቱ።

ከምድር በታች ወረድኩ፤ ዓምዶች ውሃ ውስጥ ቆመዋል በጨለማ፤
አንዲት የድንጋይ ሴት አለች፣ ተዘቅዝቃ ዓምድ ተሸክማ።
እኔም አሥራ ሁለት ዓመት አረጋዊ ሳነሳ፣ ሳስተኛ
ወገቤን አውቀዋለሁና...
ሰው ፎቶ ያነሳታል፤ ለኔ መሰለችኝ የሥራ ጓደኛ።

ድልድዩ ላይ ወንዶች፣ ትከሻ ለትከሻ፣ መንጠቆ ጥለው፤
አንዲት ድመት ከባልዲ ትልቁን ዓሣ ብትሰርቀው
ባለቤቱ አይቷት ተወ። «ድርሻዋ ነው»
አለ መሰለኝ፤ ቋንቋውን አላውቀው።

ኑረቲን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ፣
ሦስቱን ሰካ፤ አራተኛው... ልብ አላልኩም፣ ወሬው መጣ።

«አብላ፣» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው፤ «እዚያው ተወልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እዚያው በልቼ
ያን ጉልላት ከውስጡ አላየሁትም፣ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ።
አባቴ ቁልፍ አምጣ፣ ክር አምጣ ይለኛል፤ በበሩ ሮጬ አልፋለሁ፤
ሰልፉን አያለሁ፣ ቱሪስቱን አያለሁ፤ ነገ እገባለሁ እላለሁ።
ያ ነገ ይኸው ካናዳ መጣ፤
ፂሜም አብሮት ነጣ።»

«በእጅ የያዙት ወርቅ...» ብዬ ተረት ልነግረው ጀመርኩ፤
ወርቁንና መዳቡን በእንግሊዝኛ ሳገላብጥ ተምታታብኝ፤ ተውኩ።

«አንቺስ?» አለኝ። «ወንዙን? ፒራሚዱን? የድልድዩን ትራም?»
የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ ግንባሬን አውቶቡሱ መስኮት ላይ አስደግፌ፣
አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ አልፌ፣ አልፌ...
«አላየሁም።»

ግንቦት፤ እሑድ። በሱቁ በር ላይ በካርቶን ጻፈ፦ «ጉዞ ላይ ነኝ»፤
ከድልድዩ አፍ ቆብ ደፍቶ፣ እንደ እንግዳ ሰው ጠበቀኝ።
ሰሊጥ የለበሰ ቀለበት ዳቦ ይዟል፤ ራሱ የጋገረው፣
ትንሽ ያረረ። ጥግ ጥጉን ለሁለት ቆረስነው።

አሮጌው ትራም እየተንገጫገጨ ብረቱ ድልድይ ላይ ወጣ፤
ወንዙ ከታች፣ ቡናማ፣ ፈጣን፣ ግንድ ይዞ ከተራራ የመጣ፤
ከመታጠፊያው ማዶ የሆነ መስታወት ብልጭ ይላል።
«እንዲህ ኖሯል!» እላለሁ።
እሱም በቱርክኛ አንድ ነገር ይላል።

ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ «እንኳን ወደ ከተማችን መጣችሁ፤
ለመሆኑ ከየት ናችሁ?»
ኑረቲን ወደኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ውሃው።
«ከመቶ አሥራ ስምንተኛ ጎዳና።»
«ሩቅ አገር ነው» አለና ሰውዬው
ትኬቱን በሳው።

ነፋስ መጣ። እጄን ወደ እጅጌዬ ስስብ ወጋኝ፣ ደማሁ፤
አራተኛው ስፒል! ሁለት ወር ሙሉ ለብሼው ዞሬያለሁ።
ለኑረቲን ሰጠሁት። ልማድ ነውና በከንፈሩ ያዘው፤
ድልድዩ እስኪያልቅ ድረስ ወንዙን ዝም ብሎ አየው።